አስቸኳይ! ነጩ ጽጌረዳዬ ግራጫ ሆነብኝ

የጠዋት ጤዛ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ ድረሱልኝ! ሦስት ሳምንት የለፋሁበት የፓስቴል ሥዕል ነው። በመስታወት ማስቀመጫ ውስጥ ያለ ነጭ ጽጌረዳ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ረግፈው የወደቁ ሁለት ቅጠሎች። አሁን ቀለሙ እንዳይረግፍ የሚያጣብቀውን ፊክሳቲቭ ነፋሁበት፣ ነጩ ድራሹ ጠፋ። አመድ መሰለ። ነጭ ልደግምበት ስል ደግሞ አልይዝ አለ፣ ይንሸራተታል። በእርጥብ ጨርቅ ልጥረገው? ነገ ጠዋት አስረክባለሁ።

ከሰል፦ በእርጥብ ጨርቅ እንዳትነኪው!

ሸራ ወጣሪ፦ የዘይት ፓስቴል ነው ደረቁ? ወረቀቱስ? ይህን ሳትነግሪን ምን ብለን እንመልስ?

የጠዋት ጤዛ፦ ይቅርታ፣ ደረቁ ነው። ወረቀቱ ሻካራ ነበር፣ አሁን ግን ቀለሙ ሞልቶት ለስልሷል።

መምህር ነኝ፦ እህቴ፣ ምክንያቱን እወቂው። ደረቅ ፓስቴል በትንሽ ሙጫ የተያዘ የቀለም ዱቄት ነው። የሚያበራው በብናኙ መሃል አየር ስላለ ነው። ፊክሳቲቩ ያንን ክፍተት ይሞላዋል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። ከሁሉም ቀድሞ የሚጎዳው ነጩ ነው። ፈረንሳዊውን ሠዓሊ ኦዲሎን ረዶንን እዪው፤ ዓመታት በጥቁር ከሰል ሲሠራ ኖሮ እ.ኤ.አ. ከ1890ዎቹ ወዲህ ወደ ፓስቴል ዞረ። እነዚያ የአበባ ማስቀመጫዎቹ ዛሬም ያበራሉ። በፓስቴል ብርሃን አይቀለድም።

ከሰል፦ ጋሼ፣ ልጅቷ እኮ ነገ ጠዋት ነው የምታስረክበው 😄 እርጥብ ጨርቅ አይነካው፣ በቃ።

ወይን ጠጅ፦ እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ነጭ አበባ መች ነጭ ሆኖ ያውቃል? አንድ ጽጌረዳ መስኮት ዳር አስቀምጪና እዪው። ጥላው ውስጥ ሰማያዊ አለ፣ እምብርቱ አካባቢ ቢጫና አረንጓዴ አለ። ንጹሕ ነጭ የሚገኘው ብርሃኑ ያረፈበት ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ግራጫውን ጥላ አድርጊው፣ ግማሹ ሥራ አለቀልሽ።

የጠዋት ጤዛ፦ ጥላው የነበረበት ቦታ ላይማ አምሯል! ያበላሸኝ ጫፉ ነው።

ሸራ ወጣሪ፦ እንግዲያው ጫፉን ብቻ ነው የምትነኪው። ጠንካራ ጸጉር ያለው ደረቅ ብሩሽ ያዢ። ሥዕሉን ቀጥ አድርገሽ አቁሚው፣ ብናኙ ወደ ታች ይርገፍ። በአፍሽ እፍ አትበዪበት፣ ሳንባሽ ውስጥ ይገባል። የወረቀቱ ሻካራነት እስኪታይሽ ድረስ ቀስ እያልሽ አራግፊ። ከዚያ ካሉሽ ነጮች በጣም ለስላሳውን መርጠሽ አንዴ ጫን አድርገሽ አስምሪ። በጣትሽ አታሺው። ድጋሚ ፊክሳቲቭ የሚባል ነገር እንዳታስቢ፤ መስታወት ያለው ፍሬም ይበቃዋል። መስታወቱና ሥዕሉ እንዳይነካኩ ዙሪያውን የካርቶን ክፈፍ አድርጊበት።

ከሰል፦ እኔም መስታወት ልል ነበር።

የጠዋት ጤዛ፦ ብሩሽ አገኘሁ፣ ልጀምር ነው።

ወይን ጠጅ፦ መጀመሪያ ከወደቁት ቅጠሎች አንዱ ላይ ሞክሪው። ጽጌረዳውን ቶሎ አትንኪው።

ሸራ ወጣሪ፦ እሺ፣ እንዴት ሆነልሽ?