ዲሽዋሸሬ ያጥባል እንጂ አያደርቅም

ወገኖች፣ እስቲ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቤቱን ስንገዛ አብሮ የመጣው ዲሽዋሸር ሰሞኑን ዕቃውን አጥቦ ውሃ እንዳዘለ ይተወዋል። ጠዋት ስከፍተው የተደፉት የቡና ስኒዎች ቂጥ ላይ ውሃ ተጠራቅሞ ይጠብቀኛል። የላዩን መደርደሪያ ስስብ ደግሞ ታች ያሉት ሳህኖች ላይ ይገለበጣል።

ሪንስ ኤድ የሚሉት፣ ውሃው ከዕቃው ላይ ቶሎ እንዲወርድ የሚረዳው ፈሳሽ አልቆ ስለነበር ሞላሁት። ብርጭቆው ትንሽ ተሻለው። ፕላስቲክ ሙቀት ስለማይዝ እንደማይደርቅ አውቃለሁ፤ የኔ ግን ሸክላ ሳህኑም ጭምር ነው። የማድረቂያውን ቁልፍ ተጭኛለሁ፣ መብራቱም ይበራል። ግን እንደጨረሰ ወዲያው ስከፍተው እንፋሎት የሚባል የለም። ሳህኑ ለብ እንኳ አይልም። ስለዚህ የጠረጠርኩት ከታች ዞሮ የተቀመጠውን የማሞቂያ ብረት ነው።

መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አለኝ። ብሬከሩን አጥፍቼ፣ ሽቦዎቹን ነቅዬ ልለካው አስቤያለሁ። ስንት ኦም ቢያሳየኝ ነው ደህና ነው የምለው? ብረቱ ደህና ከሆነስ ቀጥሎ ቴርሞስታቱን (ሙቀት መቆጣጠሪያውን) ልይ ወይስ ማሽኑን የሚያዘውን ቦርድ? ባለቤቴ «ተወው፣ በእጅ እንጠብ» ትላለች። እኔ ግን እልህ ይዞኛል። የሠራችሁት ካላችሁ ጠቁሙኝ።