ካሜራዬ ኤረር 01 ብሎ ቆመብኝ፣ ነገ ሌሊት ተክሊል አለ፤ ካኖን 6ዲ ልግዛ?

ሚሚ ክሊክ፣ ቅዳሜ 8፡40
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ካሜራዬ ፎቶ ሳነሳ ኤረር 01 ይልና ቀጥ ይላል። አጥፍቼ አበራሁት፣ ባትሪውን አውጥቼ መለስኩት፣ ያው ነው። ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አራት ኪሎ ሥላሴ የአክስቴ ልጅ ተክሊል አለ። ፎቶውን አደራ የተባልኩት እኔ ነኝ። አንድ ሰው ያገለገለ የካኖን 6ዲ ቦዲ (ሌንስ የሌለው ካሜራ) አለኝ፣ 10 ሰዓት ሜክሲኮ እንገናኝ ብሎኛል። ሌላ ሰው ጋ ደግሞ 5ዲ ማርክ 2 አለ። የትኛውን ልያዝ? ሁለቱም ፉል ፍሬም ስለሆኑ (ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰራቸው ትልቅ ነው) በጨለማ ይሻላሉ ብዬ ነው። ቀብድ ልከፍል እየወጣሁ ነው።

ቶሎ ፎቶ፣ 8፡46
ወንድሜ ተረጋጋ። ኤረር 01 ማለት ካሜራውና ሌንሱ አልተግባቡም ማለት ነው። ሌንሱን አውጣና ከኋላው ያሉትን ወርቃማ ነጥቦች በንጹህ ደረቅ ጨርቅ ጥረጋቸው። ካሜራው በኩል ያሉትንም እንደዚያው።

ጥቁር መጋረጃ፣ 8፡49
በላጲስ ፈትገው፣ ይለቃል። የእኔም እንደዚህ ሆኖ በላጲስ ነው የዳነው።

ሚሚ ክሊክ፣ 8፡58
እህታችሁ ነኝ። ጠረግኩት። አንድ ፎቶ አነሳና መልሶ ቆመ።

ፋኖስ፣ 9፡01
እህቴ፣ ካሜራሽ ምንድን ነው? ሌንሱስ? ወድቆ ያውቃል?

የኒኮን ልጅ፣ 9፡02
መፍትሔው ቀላል ነው፤ ካኖኑን ለሙሽራው ስጦታ ስጪና ኒኮን ግዢ። ከምሬ ነው፣ ያገለገለ ዲ5300 በርካሽ ታገኛለሽ፣ ምስሉም ንጹህ ነው።

ሚሚ ክሊክ፣ 9፡04
ካኖን 600ዲ ነው። ሌንሱ አብሮት የመጣው 18-55። ትናንት ከታክሲ ስወርድ ቦርሳው ከትከሻዬ ወደቀ። ግን ምንም አልተሰነጠቀም፣ ማታም ጥቂት ፎቶ አንስቼበታለሁ።

ጋሽ ኔጋቲቭ፣ 9፡10
ልጄ፣ ሰው ሁሉ ፉል ፍሬም ፉል ፍሬም ይላል። ስሙ የመጣው ከፊልም ነው። የ35 ሚሊሜትር ፊልም አንዱ ምስል 36 በ24 ሚሊሜትር ነበር። ይህን የሚያህል ሴንሰር ያለው ካሜራ ነው ፉል ፍሬም የተባለው። ያንቺ 600ዲ ሴንሰር 22 በ15 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሌንሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በ1.6 አባዢው፤ 50 ሌንስ በአንቺ ካሜራ ላይ እንደ 80 ጠበብ አድርጎ ነው የሚያሳይሽ። እኔ በፊልም ስሠራ አንዱ ጥቅልል 36 ፎቶ ነበር የሚይዘው። ለአንድ ሰርግ 3 ጥቅልል ይዤ እሄዳለሁ። ዘውዱ ሲደፋ ሁለት፣ ካባው ሲደረብ አንድ፣ እያልኩ እቆጥባለሁ። ካሜራዬ ያኔም ርካሽ ነበር። ገንዘቤን የማወጣው ሌንስ ላይ ነው፤ ብርሃኑን የሚያስገባው እሱ ነዋ። ትልቅ ሴንሰር ይጠቅማል፣ አልክድም። ግን ደካማ ሌንስ ከገጠምሽበት ምን ዋጋ አለው? ቆይ፣ ስለ አይኤስኦ፣ ካሜራው ለብርሃን ስላለው ስሜት፣ ደግሞ ልንገርሽ...

ሚሚ ክሊክ፣ 9፡12
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን 10 ሰዓት ሊሆን ነው።

ፋኖስ፣ 9፡15
ቀብዱን አትክፈዪ። መጀመሪያ ይህን ሞክሪ። ካሜራውን ኤቪ ላይ አድርጊ፣ የኤፍ ቁጥሩን ራስሽ የምትመርጪበት ነው። ሌንሱን 18 ላይ፣ በጣም ሰፊ በሚያሳይበት፣ መልሺው። የኤፍ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው አውርጂው፣ 3.5 ይልሻል። አንሺ። ከዚያ ቁጥሩን 8 አድርጊና ድገሚ። 3.5 ላይ ሠርቶ 8 ላይ ኤረር ካለ፣ የተጎዳው ሌንሱ ውስጥ ያለው አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ) ነው እንጂ ካሜራው አይደለም። 3.5 ላይ አፐርቸሩ ክፍቱን ስለሆነ ምንም አይንቀሳቀስም። 8 ላይ ግን ክንፎቹ መዘጋት አለባቸው፣ ያኔ ነው የሚያቅተው። ብዙ ጊዜ የምትበጠሰው ውስጥ ያለችው ቀጭን ሪባን ሽቦ ናት። ሌላ ሌንስ ካለሽም ግጠሚና እዪ።

ጥቁር መጋረጃ፣ 9፡17
በላጲስ ሞከርሽ?

ቶሎ ፎቶ፣ 9፡19
ላጲስ ተዪ። ፍርፋሪው ካሜራው ውስጥ ገብቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ሚሚ ክሊክ፣ 9፡24
ኧረ 3.5 ላይ ሠራ! አስር ጊዜ አነሳሁ፣ ሁሉም ወጣ። 8 ላይ ወዲያው ኤረር። ሌላ 55-250 ሌንስ አለኝ፣ እሱ ላይ ሁሉም ይሠራል። ሩቅ ለማንሳት የሚሆን ስለሆነ ለሰርግ አይሆንም ብዬ ነው ያልጻፍኩት።

አራዳ 50፣ 9፡30
እንግዲያው ካሜራሽ ጤነኛ ነው። አሁን ስለ 6ዲው ልጠይቅሽ፦ ቦዲውን ብቻ ገዝተሽ ምን ሌንስ ልትገጥሚበት ነው? ሁለቱም ሌንሶችሽ ኢኤፍ-ኤስ ናቸው፣ ለትንሽ ሴንሰር የተሠሩ። ሌንሱን አውጥተሽ የሚገጠምበትን ጠርዝ እዪው፣ ነጭ ካሬ ምልክት አለችበት። 600ዲ ላይ ነጭ ካሬም ቀይ ነጥብም አለ፣ ሁለቱንም ይቀበላል። 6ዲም 5ዲም ቀይ ነጥብ፣ የኢኤፍ ሌንስ ምልክት፣ ብቻ ነው ያላቸው። ያንቺ ሌንስ እነሱ ላይ አይገባም። የኢኤፍ-ኤስ ሌንስ የኋላ መስታወት ወደ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ የፉል ፍሬም ካሜራ ውስጥ ያለው አንጸባራቂ መስታወት ደግሞ ትልቅ ስለሆነ ሲነሳ ይጋጫል። ባትሪሽም አይሆንም፣ 6ዲ ሌላ ባትሪ ነው የሚበላው። 5ዲ ማርክ 2 ጭራሽ ካርዱም የድሮው ሲኤፍ ነው፣ ያንቺ ኤስዲ አይገባበትም። በዚያ ላይ ሁለቱም አብሮ የተሠራ ፍላሽ የላቸውም። ብሩን ከፍለሽ ነገ ሌሊት ባዶ ቦዲ ይዘሽ ትቆሚያለሽ።

ሚሚ ክሊክ፣ 9፡33
ወይኔ። ሰውየው ይህን አልነገረኝም። ደውዬ ልቀር ነው።

የኒኮን ልጅ፣ 9፡36
ኒኮን ግን እንዲህ አያስጨንቅም። የድሮውም ሌንስ ሁሉ ይገጥማል።

ፋኖስ፣ 9፡40
መግጠምማ ይገጥማል። ግን አንተ ያልከው ዲ5300 ቦዲው ውስጥ ፎከስ የሚያደርግ ሞተር የለውም። የድሮዎቹ ኤኤፍ-ዲ ሌንሶች ሲገጠሙበት ፎከስ የሚደረገው በእጅ ነው። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ ያለውን ኤኤፍ-ኤስ ይፈልግ፣ ወይም ሞተር ያለው ዲ7000ን የመሰለ ቦዲ። ይህን ሳያውቁ ገዝተው ተበላሸ እያሉ የሚመጡ ስንት አሉ።

ቶሎ ፎቶ፣ 9፡42
ኧረ ልጅቷን እንርዳ።

ሚሚ ክሊክ፣ 9፡44
እሺ ነገን በምን ልውጣ? ሌንሱን የሚሠራልኝ አለ? ፒያሳ የማውቀው ሠሪ ነበር፣ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ የት እንደገባ አላውቅም።

ጋሽ ኔጋቲቭ፣ 9፡52
ዛሬ ማንም አይሠራልሽም፣ ሌንሱን ፈቶ መልሶ መግጠም ጊዜ ይፈልጋል። አትድከሚ። ልጄ፣ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ፈልጊ፤ ተከራዪ ወይም ተበደሪ። 18-55ቱ ስትስቢው 5.6 ላይ ይቆማል። 1.8 ማለት ከዚያ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ነው። 11 ሰዓት ላይ ገና ጨለማ ነው፣ ፀሐይ እስክትወጣ የሥላሴ ባለቀለም መስኮቶች ብርሃን አይሰጡሽም። ያለሽ የመብራትና የጧፍ ብርሃን ብቻ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስታነሺ ግን 1.8 ላይ አትሁኚ፤ የአንዱ ፊት ጠርቶ የሌላው ይደበዝዛል። 2.8 አድርጊው። የዘመድ አዝማዱን ፎቶ ደግሞ በዚያው በተጎዳው ሌንስ 18 ላይ፣ 3.5 ላይ አንሺ። ከዚያ ወዲያ አትንኪው። ፍላሽ ከማብራትሽ በፊት አባቶችን ፍቃድ ጠይቂ።

ፋኖስ፣ 9፡58
ጋሼ ያሉትን ሁሉ። እኔ የምጨምረው፣ ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ፋይል) ላይ አንሺ። የጧፉና የአምፖሉ ቀለም ይለያያል፣ በኋላ ታስተካክዪዋለሽ። አይኤስኦ 3200 አትፍሪ። ትንሽ አሸዋ የመሰለ ነገር ይኖረዋል፣ ግን የተንቀጠቀጠ ፎቶን ማንም አያድንልሽም። የሻተሩ ፍጥነት ከ1/125 ሰከንድ በታች አይውረድ።

መስኮት ዳር፣ 10፡06
ይቅርታ ዘግይቼ ነው። አሁን ዲኤስኤልአር (እንደ 600ዲ ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ) መግዛት ራሱ ልክ ነው ወይ? ሁሉም ወደ ሚረርለስ፣ መስታወት ወደሌለው፣ እየሄደ ነው።

አራዳ 50፣ 10፡11
እሱ የነገ ጥያቄ አይደለም። ግን ስለጠየቅክ፦ የኢኤፍ ሌንስ በአዳፕተር የካኖን ሚረርለስ ላይ ይሠራል። ለዚህም ነው አሁን 50 ኤፍ 1.8 የሚገዛ ሰው አይከስርም የምለው።
እህቴ፣ እኔ ያለሁት አራት ኪሎ ነው። 50 ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም አለኝ፣ ነገ አልሠራበትም። ዛሬ ማታ 1 ሰዓት አካባቢ መጥተሽ መውሰድ ትችያለሽ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ማስያዣ አልፈልግም፣ ክዳኑን ብቻ እንዳትጥዪብኝ።

ሚሚ ክሊክ፣ 10፡14
እግዚአብሔር ያክብርልኝ! አሁኑኑ እጽፍልሃለሁ።

ጋሽ ኔጋቲቭ፣ 10፡20
ተባረክ። ልጄ፣ ማታውኑ ቤት ውስጥ አምፖል አጥፍተሽ በሻማ ተለማመጂበት። እናትሽን አስቀምጠሽ አንሺ። ከ35 ሴንቲሜትር በታች ከቀረብሽ ፎከስ አይይዝልሽም፣ ለቀለበቱ ፎቶ አስታውሺው።

ጥቁር መጋረጃ፣ ሰኞ 3፡05
ሰርጉ እንዴት ሆነ? ፎቶ እንይ እንጂ።

ቶሎ ፎቶ፣ ሰኞ 7፡30
ውጤቱንም አላሳወቀችን። ሚሚ፣ ሠራልሽ?

መስኮት ዳር፣ ማክሰኞ 2፡15
የእኔም 18-55 ዛሬ ኤረር 01 አለኝ። የፋኖስን ሞከርኩ፣ እኔ ግን 3.5 ላይም ይቆማል። ምን ልሁን?

ፋኖስ፣ ማክሰኞ 2፡40
እንግዲያው ያንተ ሌላ ነገር ነው። ሌላ ሌንስ ግጠምበትና ንገረን። ነጥቦቹንም ጥረግ፣ በጨርቅ።

አራዳ 50፣ ማክሰኞ 4፡10
ለጠየቃችሁ፦ ሌንሱ ትናንት ማታ ደርሶኛል። በታናሽ ወንድሟ እጅ ነው የላከችው፣ ከነክዳኑ፣ ከትንሽ ድፎ ዳቦ ጋር። ፎቶዎቹን ግን እኔም አላየሁም።