ለንደን ላይ ለሁለት ሰው ትራንስፖርት እንዴት ይከፈላል?

ሰላም፣ ከሀዋሳ ነው የምጽፈው። ከእናቴ ጋር ለንደን ልንሄድ ነው። እህቴ ያለችው ማንችስተር ስለሆነ ለንደን ላይ የሚቀበለን ሰው የለም።

የያዝነው ከባንክ የወሰድኩት አንድ የቪዛ ካርድና ትንሽ ጥሬ ፓውንድ ነው። የለንደን አውቶቡሶች ደግሞ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። የባንክ ካርድ ወይም ኦይስተር የሚሉትን የትራንስፖርት ካርድ ቢጫው ማንበቢያ ላይ ማስነካት ግድ ነው። እዚህ ከፒያሳ ታክሲ ስንሳፈር "የሁለት ሰው" ብዬ እከፍላለሁ። እዚያ ግን አንድ ካርድ ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ካርዱን አንድ ሆቴል የክፍያ ማሽን ላይ ሞከርኩት። ሲያስነኩት ዝም፣ ሲያስገቡት ሠራ። ለካ በማስነካት የሚከፍሉት ካርዶች ላይ ያለው የሞገድ ምልክት የእኔ ላይ የለም። ባንኩን ስጠይቅ "ውጭ አገር ይሠራል" ከማለት በቀር የረባ መልስ አላገኘሁም። እናቴን እግሯን ስለሚያማት መግቢያው ላይ ቆማ እንድትጉላላ አልፈልግም።

በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ፦ ሂትሮው አየር ማረፊያ እንደወረድን ባቡር ጣቢያው ውስጥ ካለው ማሽን ሁለት ኦይስተር በጥሬ ፓውንድ ገዝተን መሙላት እንችላለን ወይ?