የጥምር ምዝገባ ደንብ ሲለወጥ፦ በሰሜን ቨርጂኒያ ላሉ ተማሪዎችና ወላጆች

ጥያቄ፣ ከአሌክሳንድሪያ

ጤና ይስጥልኝ፣ ወገኖቼ። ልጄ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እየተማረ በዩኒቨርሲቲም ጎን ለጎን የሚመዘገብበት ፕሮግራም ውስጥ ነው፤ አሁን ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ሲገባ የተነገረን የኮሌጁን ድርሻ እንደፈጸመ ሌላ ማመልከቻ ሳያስፈልገው ወደ ዩኒቨርሲቲው እንደሚሻገር ነበር። በቅርቡ ግን የፕሮግራሙ መመሪያ መሻሻሉን የሚገልጽ ኢሜይል ደርሶታል። ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ የሚገቡ ተማሪዎች የኮሌጁን የሁለት ዓመት ዲግሪ (አሶሼት ዲግሪ) ሳይጨርሱ መሻገር እንደማይችሉና በዩኒቨርሲቲው በኩል የሚወስዷቸው ኮርሶችም እንደሚገደቡ ይላል። ልጄ በዚህ ሴሚስተር በኮሌጁ ስምንት፣ በዩኒቨርሲቲው ደግሞ አራት ክሬዲት ወስዷል፤ ፔል ግራንቱ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች የሚሰጠው የማይመለስ የፌዴራል ድጎማ) ግን ከጠበቅነው አንሶ መጣ። አዲሱ ደንብ እርሱንም ይነካዋል ወይ? ገንዘቡስ የቀነሰው በዚሁ ምክንያት ነው? የሚያውቅ ቢያስረዳን ውለታው ትልቅ ነው።

መልስ፣ ከአናንዴል

እህቴ፣ ሁለቱ ጥያቄዎችዎ አንድ ላይ ስለመጡ አንድ ምክንያት ያላቸው ይመስላሉ እንጂ የተለያዩ ናቸው፤ ስለዚህ ለየብቻ ብመልሳቸው ይሻላል። እኔ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ውስጥ ልጆች የፋፍሳ ቅጽ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ሲሞሉ ከሚያግዙት አንዱ ነኝ፤ የትምህርት ቤት ሠራተኛ አይደለሁም፤ ስለዚህ የመጨረሻው ቃል የልጅዎ አማካሪ መሆኑን ይያዙልኝ።

ስለ ደንቡ፦ ኢሜይሉ «ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ የሚገቡ» ካለ ልጅዎ በገባበት ደንብ የመቀጠል መብት ሊኖረው ይችላል። ይህ መብት ግን የሚጸናው በአብዛኛው ፕሮግራሙን ሳያቋርጥና የትምህርት ዘርፉን ሳይቀይር ሲቆይ ነው። አንድ ተማሪ አንድ ሴሚስተር አርፎ ሲመለስ ወይም ከኮምፒውተር ሳይንስ ወደ ቢዝነስ ሲዛወር እንደ አዲስ ገቢ ሊቆጠርና አዲሱ ደንብ ሊያርፍበት ይችላል። ስለዚህ ዘርፍ ለመቀየር ካሰበ አስቀድሞ አማካሪውን ይጠይቅ፤ መልሱንም በቃል ሳይሆን በኢሜይል ይቀበል። ሲገባ የፈረመውን ስምምነትና በየሴሚስተሩ የሚወስዳቸውን ኮርሶች የሚያሳየውን የመጀመሪያ ዕቅድ ፈልጋችሁ አስቀምጡ። ድረ ገጹ ሲታደስ አሮጌው ገጽ ሊጠፋ ይችላልና።

እንዲህ ያለው ፕሮግራም በአካባቢያችን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ኖቫ እያልን የምንጠራው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ አድቫንስ የተባለውን ፕሮግራም በዚያ ዓመት ጀመሩ። ተማሪው ኖቫ እየተማረ የሜሰን መታወቂያ ይይዛል፣ ቤተ መጻሕፍቱን ይጠቀማል፣ ከመጀመሪያው ጀምሮም የሚከታተለው አማካሪ ይመደብለታል። ዓላማው በዝውውር ጊዜ ክሬዲት እንዳይባክን ነበር፤ ተማሪው ሁለት ዓመት ለፍቶ ሲሻገር «ይህ ኮርስ ለዘርፍህ አይቆጠርም» የሚባልበትን አሠራር ለማስቀረት ማለት ነው። በዚያው ዓመት የቨርጂኒያ ምክር ቤትም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚመጡ የጋራ ኮርሶችን በጥቅል የሚቀበሉበትን ሕግ አወጣ፤ ፓስፖርት የሚባለው የአንድ ሴሚስተር ያህል ክሬዲት ጥቅልና የአንድ ዓመት ያህል የሚሆነው የጠቅላላ ትምህርት ሰርተፊኬት የመጡት ከዚያ ነው።

ዲግሪውን ጨርሶ መሻገር ግዴታ መሆኑን ብዙ ወላጆች እንደ ቅጣት ያዩታል። እኔ እንደዚያ አላየውም። በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባ» ማለት ደስ ይላል፤ «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው» ስንል ደግሞ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ነገር ግን ዘጠኝ ኮርስ ከወሰደ በኋላ ሥራ በዝቶበት ወይም ቤተሰብ ታሞበት ትምህርቱን የሚያቋርጥ ልጅ አሶሼት ዲግሪ ከሌለው በእጁ የሚቀረው ትራንስክሪፕት ብቻ ነው። የቨርጂኒያ ግዛት ከሁለት ዓመት ኮሌጅ ለሚሻገሩ ተማሪዎች ያዘጋጀው የዝውውር ድጎማም ዲግሪውን የጨረሰና አማካይ ውጤቱ (ጂፒኤው) 3.0 የሞላ ተማሪን ነው የሚፈልገው። እ.ኤ.አ. በ2021 የተጀመረው ጂ ስሪ የተባለው ድጋፍ ደግሞ በተፈላጊ የሙያ ዘርፎች ለሚማሩ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ነዋሪዎች የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወጪን ይሸፍናል እንጂ ዩኒቨርሲቲ ድረስ አይከተልም። ቸኩሎ መሻገር ዋጋ ያስከፍላል የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ልጅዎ በሁለት ቦታ ይማር እንጂ ፔል ግራንት ለአንድ የትምህርት ጊዜ የሚከፈለው በአንድ ትምህርት ቤት በኩል ብቻ ነው። ከ2024-25 የትምህርት ዓመት ጀምሮ ደግሞ የክፍያው ስሌት ተቀይሯል። ቀድሞ ሙሉ፣ ሦስት አራተኛ፣ ግማሽና ከግማሽ በታች ተብሎ በደረጃ ይከፈል ነበር፤ አሁን ተማሪው የያዘው ክሬዲት ለአሥራ ሁለት ተካፍሎ በመቶኛ ይሰላል። ከፍተኛው የዓመት መጠን 7,395 ዶላር ሲሆን ሙሉ ሰዓት የሚማር ተማሪ በሴሚስተር ወደ 3,697 ዶላር ያገኛል። ኮሌጁ የሚያውቀው ግን የራሱን ስምንት ክሬዲት ብቻ ነው፤ ስምንት ለአሥራ ሁለት 67 ከመቶ ስለሆነ ሙሉውን የሚያገኝ ተማሪ እንኳ ወደ 2,477 ዶላር ይወርዳል። የዩኒቨርሲቲው አራት ክሬዲት በስሌቱ ውስጥ የለም፤ የጎደለው ገንዘብ ከዚያ ሳይመጣ አይቀርም። በነገራችን ላይ በድሮው ስሌት ስምንት ክሬዲት ግማሽ ብቻ ነበር የሚያስገኘው፤ ለውጡ በዚህ በኩል ጠቅሞታል።

አሥራ ሁለቱም እንዲቆጠሩ በሁለቱ ትምህርት ቤቶች መካከል የኮንሶርሽየም ስምምነት የሚባል ቅጽ መሞላት አለበት፤ የሚሞላውም ለእያንዳንዱ ሴሚስተር ለብቻው ነው። ተማሪው ዲግሪ የሚቀበልበት ትምህርት ቤት ዋና ትምህርት ቤቱ ይሆናል፤ ገንዘቡም በእርሱ በኩል ያልፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ዋናው ትምህርት ቤት ኖቫ ከሆነ፣ በዩኒቨርሲቲው የሚወሰደው ኮርስ ለኖቫው አሶሼት ዲግሪ መቆጠር አለበት። ለወደፊቱ ባችለር ዲግሪ ቢያስፈልግም ለአሶሼቱ የማይቆጠር ኮርስ በፌዴራል እርዳታ አይሸፈንም። በዩኒቨርሲቲው በኩል የሚወሰዱ ኮርሶች ሲገደቡ ብዙ ሰው ይከፋል፤ ለእኔ ግን አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ እርዳታ በማያገኝ ኮርስ ላይ ተማሪው ከኪሱ እየከፈለ መሆኑን የሚያውቀው ሂሳቡ ሲመጣ ነውና።

ሂሳቡም ሁለት ነው። ዋናው ትምህርት ቤት ከእርዳታው መጀመሪያ የራሱን ክፍያ ይቀንስና ትርፉን ለተማሪው ይመልሳል፤ ሁለተኛውን ሂሳብ የሚከፍለው ተማሪው ራሱ ነው። ትርፉ የሚለቀቀው ሴሚስተሩ ከተጀመረ ሳምንታት በኋላ ሊሆን ስለሚችል የሁለተኛው ትምህርት ቤት የመክፈያ ቀን ቀድሞ ያልፋል፤ የዘገየበት ቅጣት ይጨመራል፤ በተማሪው አካውንት ላይም እገዳ ሲታይ የሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ ይዘጋል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ የክፍያ ዕቅድ መጠየቅ፣ ወይም ቢያንስ እርዳታው በመንገድ ላይ መሆኑን ለሁለተኛው ትምህርት ቤት ሂሳብ ክፍል ማሳወቅ ይጠቅማል።

ብድር የሚወስዱ ካሉ ሌላም ለውጥ አለ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ሙሉ ሰዓት የማይማር ተማሪ የሚያገኘው የዓመት ብድር በሚይዘው ክሬዲት መጠን እንዲቀነስ ያደርጋል። ወላጆች በስማቸው የሚወስዱት ፓረንት ፕላስ ብድርም ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላ ደግሞ 65,000 ዶላር ጣሪያ ተደርጎበታል። ክሬዲቱ በሁለት ትምህርት ቤት ለተከፋፈለ ተማሪ የኮንሶርሽየሙ ቅጽ ከፔል አልፎ ለብድሩም አስፈላጊ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ልቋጭ፤ ለልጅዎ ሳይሆን እዚህ ለሚያነቡን ትልልቆች። ከአገር ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው፣ ዲግሪው እዚህ ባይሠራለትም፣ ፔል ግራንት አይፈቀድለትም። ዝም ብሎ «ዲግሪ የለኝም» ብሎ መሙላት ለፌዴራል መንግሥት የሐሰት መግለጫ መስጠት ነው፤ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሞላው» የሚል ጎረቤት ችግር ሲመጣ አብሮ አይቀርብም። የተማሪ ብድር ግን ሌላውን መስፈርት ካሟላ ሊያገኝ ይችላል።

አስተያየት፣ ከፌርፋክስ

ከላይ ስለ ገንዘቡ የተጻፈው በሙሉ ልክ ነው፤ «ጨርሶ መሻገር ይሻላል» በሚለው ላይ ግን ለሁሉም ዘርፍ እንዳይወሰድ እሰጋለሁ። እኔ ኢንጂነሪንግ የተማርኩት በዚሁ መንገድ ነው። እንደ ኢንጂነሪንግ ባሉ ዘርፎች ካልኩለስና ፊዚክስ በቅደም ተከተል ስለሚሄዱ አንድ ኮርስ ከዘገየ ሌሎቹ ሦስትና አራት ይዘገያሉ። አሶሼት ዲግሪውን ለመጨረስ ሲባል ብቻ ሁለት የምርጫ ኮርስ ለመውሰድ አንድ ሴሚስተር የሚቆይ ተማሪ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በመጸው ብቻ የሚሰጥ ኮርስ ካመለጠው ሙሉ ዓመት ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ወላጆች «ዲግሪው ይቀድማል» ብለው ከመፍረዳቸው በፊት ልጁ የሁለቱን ትምህርት ቤቶች የኮርስ ዕቅድ ጎን ለጎን ዘርግቶ ያሳያቸው። ደግሞም ከሲ በታች የሆነ ውጤት በአብዛኛው እንደማይሻገር አይረሳ። ዲ አምጥቶ «አለፍኩ» የሚል ልጅ ለኮሌጁ አልፏል፤ ለዩኒቨርሲቲው ግን ኮርሱን እንደገና ይወስደዋል። በተደገመና በተተወ ኮርስ ላይ ደግሞ እርዳታውን የሚያስቆም ሌላ ሕግ አለ፦ ከሞከራቸው ክሬዲቶች ውስጥ በአብዛኛው ትምህርት ቤት 67 ከመቶ ያህሉን ማለፍ፣ ዲግሪውንም ከሚጠይቀው ክሬዲት 150 ከመቶ ሳያልፍ መጨረስ ይጠበቅበታል።

ጥያቄ፣ ከስፕሪንግፊልድ

እኔ በኤፍ ዋን የተማሪ ቪዛ ነው ያለሁት። እህቴ ደግሞ ዘንድሮ በዲቪ መጥታለች። ሁለታችንም በእንዲህ ያለ ፕሮግራም መግባት እንችላለን?

መልስ፣ ከአናንዴል

የእናንተ ሁኔታ በጣም ይለያያል። በኤፍ ዋን በሁለት ትምህርት ቤት በአንድ ጊዜ መመዝገብ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ሁለቱም የውጭ ተማሪ ለመቀበል የተፈቀደላቸው ሆነው የክሬዲቱ ድምር ሙሉ ሰዓት ማለትም ቢያንስ አሥራ ሁለት መሙላት አለበት። አይ ትወንቲ የሚባለውን የተማሪ ቪዛ ሰነድ የሚሰጥህ ዲግሪውን የምትቀበልበት ትምህርት ቤት ነው፤ ስለ ምዝገባህ ለመንግሥት የሚያሳውቀውም እርሱ ብቻ ነው። ከሙሉ ሰዓቱ ውስጥ በኦንላይን የሚቆጠርልህ አንድ ኮርስ ወይም ሦስት ክሬዲት ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ትምህርት ቤት ውስጥ የያዝከው ኮርስ ኦንላይን መሆኑን ሳታስተውል ከአሥራ ሁለት በታች ልትወርድ ትችላለህ። አንድ ኮርስ ለመተው ስታስብ፣ ኮርሱ በየትኛውም ትምህርት ቤት ይሁን፣ ከመተውህ በፊት አይ ትወንቲ የሰጠህ ትምህርት ቤት የውጭ ተማሪዎች ክፍልን አነጋግር። ከኮሌጁ ወደ ዩኒቨርሲቲው ስትሻገር ደግሞ የቪዛ መዝገብህ ለብቻው መዛወር አለበት፤ የፕሮግራሙ አማካሪ ይህን አይሠራልህም። ፌዴራል እርዳታ አታገኝም፤ በዚህ ቪዛ እስካለህም የቨርጂኒያ ነዋሪ ክፍያ አይፈቀድልህም።

እህትህ ግን ግሪን ካርድ ስላላት ፋፍሳ ዛሬውኑ መሙላት ትችላለች። የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት ግን ትምህርቱ ከሚጀመርበት ቀን በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት በቨርጂኒያ ለመኖር አስባ መቀመጧን ማሳየት አለባት። መንጃ ፈቃዷን፣ የኪራይ ውሏንና የደመወዝ ወረቀቷን ከመጣችበት ወር ጀምሮ በዚህ ግዛት አድራሻ ታድርግ። አሁን ሜሪላንድ ያለ ዘመድ ቤት እየተቀመጠች ቨርጂኒያ ለመማር ካሰበች ዓመቱ አልተጀመረም ማለት ነው። ሁለተኛው ትምህርት ቤት የነዋሪነት ማስረጃውን እንደገና ሊጠይቅ ስለሚችል ወረቀቶቹን ለኮሌጁ ካስገባች በኋላ ቅጂያቸውን ትያዝ።