የዘረመል ድምር ነጥብ ማን ቀድሞ ይመርመር የሚለውን ይወስን?

አወያይ፦ ለብቻቸው ሲታዩ ኢምንት የሆኑ በመቶ የሚቆጠሩ የዘረመል ልዩነቶች ሲደመሩ የአንድን ሰው የካንሰር ስጋት ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋሉ። ይህ ድምር በነጥብ ተሰልቶ ማን ለምርመራ ቀድሞ ይጠራ የሚለውን ይወስን ወይስ አይወስን? ደጋፊም ተቃዋሚም ምክንያቱን ያቅርብ።

የለንደኑ የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ይወስን ባይ ነኝ። በዘር የሚመጣ ካንሰር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እንደ ብራካ-1 ያለ አንድ ኃይለኛ ጂን ነው። ጉዳት ያለበትን ብራካ-1 የወረሰች ሴት እስከ 80 ዓመቷ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ አያስገርምም። ነገር ግን ከታማሚዎቹ መካከል እንዲህ ያለ ጂን የሚገኝባቸው ጥቂቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው የ313 ልዩነቶች ስሌት መሠረት፣ ከአውሮፓዊ ዝርያ ሴቶች መካከል በነጥብ ከላይ አንድ በመቶ ውስጥ የሚገቡት የዕድሜ ልክ የጡት ካንሰር ስጋታቸው 33 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በ2025 ውጤቱ የወጣው ባርኮድ-1 የተባለ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ ከ55 እስከ 69 ዓመት ከሆኑ ወንዶች ምራቅ ወስዶ 130 ልዩነቶችን ቆጠረ፤ ነጥባቸው ከላይ አሥር በመቶ ውስጥ ከገባው መካከል 468ቱ ኤምአርአይና የፕሮስቴት ናሙና ምርመራ አድርገው 187ቱ ካንሰር ተገኘባቸው። ዕድሜን ብቻ አይቶ ሁሉን በእኩል ከመጥራት ይህ አይሻልም ትላላችሁ?

የሜሪላንዷ፦ ወንድሜ፣ የጠቀሷቸው ሁለቱም ጥናቶች በአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው፤ እኔን ያጋጠመኝም ከዚሁ የመጣ ነው። እናቴ በ44 ዓመቷ፣ ታላቅ እህቷ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ በጡት ካንሰር አርፈዋል። የምራቅ መመርመሪያውን በኢንተርኔት አዝዤ ስልክ ላይ የመጣልኝ ውጤት አረንጓዴ ኮረብታ የሚመስል ሥዕል ነበር፤ ቀስቱ ከመካከሉ ወደ ግራ አርፎ «ስጋትዎ ከአማካይ በታች ነው» ይላል። እፎይ ብዬ ማሞግራፊውን (የጡት ራጅ ምርመራውን) ሁለት ዓመት አሳለፍኩት። ስሌቱ ለአውሮፓ ዝርያ የተዘጋጀ መሆኑ ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ እንደነበር ያየሁት በኋላ ነው። በመጨረሻ የሄድኩበት ክሊኒክ የዘረመል አማካሪዋ ነጥቡን ገፋ አድርጋ በባዶ ወረቀት የቤተሰቤን ሐረግ ሣለች፤ የእናቴንና የአክስቴን ክብ በእርሳስ አጠቆረችና ሙሉ የጂን ምርመራ አዘዘችልኝ። በሌላው ኃይለኛ ጂን በብራካ-2 ላይ ጉዳት ተገኘብኝ። ያ አረንጓዴ ኮረብታ ይህን ጂን ጭራሽ አላነበበውም ነበር።

የለንደኑ የላብራቶሪ ባለሙያ፦ እህቴ፣ የደረሰብዎት ከባድ ነው፤ ሻጩ ከሁሉ አስቀድሞ የቤተሰብ ታሪክ ሊጠይቅዎት ይገባ ነበር። ለሌሎች አንባቢዎች ምክንያቱን ላስረዳ። በስሌቱ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ልዩነቶች ራሳቸው በሽታ አምጪዎች ሳይሆኑ ከእውነተኛው መንስኤ አጠገብ የተተከሉ ምልክቶች ናቸው፤ ምልክቱና መንስኤው አብረው የሚወረሱበት ርቀት ደግሞ ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። እንዲህ ባሉ የዘረመል ጥናቶች ከተሳተፉት ሰዎች አብዛኞቹ የአውሮፓ ዝርያ ስለሆኑ ነጥቡ ለእኛ ለአፍሪካውያን ሲሰላ አስተማማኝነቱ ይቀንሳል። መፍትሔው ግን ነጥቡን መጣል ሳይሆን የእኛን ሰዎች ናሙና መጨመር ነው።

ሐኪሙ ከጎንደር፦ «የእኛ ሰዎች» የሚለው ራሱ መታየት አለበት፤ «አፍሪካዊ» የሚል አንድ ማኅደር ከፍቶ ሁሉን እዚያ መክተት ሌላ ስህተት ይሆናልና። የተለመዱት መድኃኒቶች የሚያነጣጥሩባቸው ሦስቱ ዒላማዎች የሌሉበት፣ ለማከም የሚያስቸግረው የጡት ካንሰር ዓይነት በአንድ የንጽጽር ጥናት ከጋና ታማሚዎች ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ ሲገኝ፣ ከኢትዮጵያውያኑ ግን በ15 በመቶ ገደማ ላይ ብቻ ነው የተገኘው። ከአክራ የተሰበሰበ ናሙና ለጎንደር ዋስ አይሆንም ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ እንኳ ነጥቡ ሴትዮዋን ወዴት ይልካታል? በአገራችን ከሴቶች ካንሰር ሲሦ ያህሉ የጡት ነው፤ እኔ ዘንድ የሚመጡት ብዙዎቹም እብጠቱ ቆስሎ፣ ጸበልና የባህል መድኃኒት ተሞክሮ ካበቃ በኋላ ነው። ለጤነኛ ሴት የሚሆን መደበኛ የማሞግራፊ ጥሪ በሌለበት ቦታ «ስጋትሽ ከፍተኛ ነው» ብሎ መሸኘት ጭንቀት ማከፋፈል ይሆናል። በካርዱ ላይ «እናትሽ፣ እህትሽ፣ አክስትሽ በጡት ወይም በእንቁልጢ ካንሰር ታመዋል ወይ? በስንት ዓመታቸው?» ብሎ መጠየቅ ግን ከእስክሪብቶ በቀር ወጪ የለውም።

የሕግ ባለሙያው፦ አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በ2008 የወጣው የዘረመል አድልዎን የሚከለክለው ሕግ የሚገዛው የጤና መድንንና ቀጣሪን ነው፤ የሕይወት መድን ከዚያ ውጭ ስለሆነ መድን ሻጩ ውጤታችሁን ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ምራቃችሁን ከመላካችሁ በፊት ጉዳዩን አስቡበት።

የሜሪላንዷ፦ ዶክተር፣ ልጄ 19 ዓመቷ ነው። ይህን ነጥብ ላሠራላት?

ሐኪሙ ከጎንደር፦ አያሠሩላት። እርስዎ ላይ የተገኘው ጉዳት የቱ እንደሆነ በስም ስለሚታወቅ፣ እርሷ 25 ዓመት ሲቃረባትና ራሷ ስትፈልግ በአማካሪ ፊት ያችን አንዷን ብቻ ትመርመር፤ የመውረስ ዕድሏ እኩል በእኩል ነው።

የለንደኑ የላብራቶሪ ባለሙያ፦ በዚህ ከዶክተሩ ጋር እስማማለሁ። ጉዳቱ ከተገኘባት ግን ድምር ነጥቡ ያኔ ይጠቅማል፤ ብራካ-2ን በወረሱ ሴቶች መካከልም ስጋቱን ከፍና ዝቅ ሲያደርገው ታይቷልና፣ እርሷ እስክትደርስ ለእኛ የሚሆን ስሌት ይኖራል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሐኪሙ ከጎንደር፦ ተስፋው መልካም ነው። እርስዎ ግን እመቤቴ፣ ያሳለፉትን ማሞግራፊ አሁን አድርገዋል?