ለአያታችን አርባ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ፦ የትውልድ ዓመት በምን ይጣራል?

የሆጤ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ላይ በአያታችን አርባ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ እያዘጋጀን ነው። ዘጠናን ማለፋቸው አያከራክርም፤ የትውልድ ዓመታቸው ግን በመታወቂያውና በፓስፖርቱ ይለያያል። በምን እናጣራ? ምን ያህልስ ይርዘም?

ቧንቧ ውሃ፦
ነፍስ ይማር። የመታወቂያ ዕድሜ ብዙ ጊዜ በግምት የተሞላ ነው። የፓስፖርቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ልደታቸው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም ከሆነ 7፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 8 ቀንሱ። ከዚያ እኩዮቻቸውን ጠይቁ፤ "መቼ ተወለዱ?" ብላችሁ ግን አይደለም። ጣሊያን ደሴን በቦምብ ሲደበድብ፣ ኅዳር 1928፣ ታዝለው ነበር ወይስ ጥጃ ይጠብቁ ነበር? በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ጡት የሚጠባው የትኛው ልጅ ነበር? ለየብቻ የተጠየቁ ሁለት ሰዎች ካልገጠሙ "በ1920ዎቹ" ብላችሁ እለፉት።

ከኮምቦልቻ፦
እግዜር ያጽናችሁ። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ከአምስት ደቂቃ አይብለጥ፤ ድንኳን ውስጥ ከዚያ በላይ የሚያዳምጥ የለም። ቅሬታ የሚያመጣው የስም ዝርዝሩ ነው። ያረፉትን ልጆችም፣ ሳይወልዱ ያሳደጓቸውንም አስገቡ፤ ሳይታተም ከየልጁ ቤት አንድ ሰው ያንብበው። "ደግ ነበሩ" ስለ ማንም ይባላል። በረካው ሲቀዳ የሚመርቁትን ምርቃት ግን ቃል በቃል ጻፉልን፣ ድምፃቸው ያለው እዚያ ነው።

ቧንቧ ውሃ፦
ከታሪኩ ጋር የምታወጡት የድሮ ፎቶ መስታወት ላይ ከተጣበቀ አትላጡት፣ ቀለሙ ይነሳል። ከነመስታወቱ በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መጠን ነው) ስካን ይደረግ።