«ንስሐ ያልገባ ለገና ጧፍ ይዞ አይቁም» ተባልን

የቀሃው፦ ሰላም የጎንደር ልጆች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቆመው ሰባኪ ያለውን ልንገራችሁ። ደብሩን አልጠራም፤ እዚያ የምታስቀድሱ ታውቁታላችሁ። «ጾመ ነቢያትን ጾማችሁ ንስሐ ካልገባችሁ የቀየራችሁት ወጥ ነው። ንስሐ ያልገባ ለገና ጧፍ ይዞ አይቁም» አለ። ሕዝቡ እልል! እኔ ጋቢዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ቁርባን ቢል እሺ። ጧፍ ከመቼ ወዲህ ነው ፈቃድ የሚጠየቅበት? እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጧፍ ይዛ ቆማለች። ማን ደረሰኝ ጠይቋት ያውቃል?

ዲያቆን ዘቁስቋም፦ ወንድሜ፣ ሰባኪው የተናገረው ስለ ልብ ነው እንጂ ስለ ሰም አይደለም። ኅዳር 15 ጾም ያዝን። ነቢያት «ይወርዳል፣ ይወለዳል» እያሉ የጠበቁትን እኛም እንጠብቃለን። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል። ቤቱን ሳይጠርግ መብራት የሚያበራ ሰው የሚያሳየው ጉድፉን ነው።

የአራዳ ልጅ፦ ዲያቆን፣ ሰባኪ በተናገረ ቁጥር «ለማለት የፈለገው እንዲህ ነው» እያላችሁ አትተርጉሙልን። አማርኛ እንሰማለን። «አይቁም» ማለት አይቁም ነው።

የማራኪዋ፦ እኔ የሚገርመኝ በአደባባይ መጮሁ ነው። ንስሐ የጓዳ ነገር ነው። እኔ፣ የንስሐ አባቴና እግዚአብሔር። ማን ገባ ማን አልገባ ብሎ ሕዝብ ፊት ምን ያስቆጥራል?

ተከራይ ነኝ፦ «የጓዳ ነገር» ያልሽው ተመችቶኛል እህቴ። አከራዬ እትዬም እንዲህ ነው የሚሉት። ረቡዕና ዓርብ ዝንፍ የለም። የንስሐ አባታቸው በየወሩ ይመጣሉ፣ ጸበል ይረጫሉ፣ ይስተናገዳሉ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ «ይፍቱኝ አባ» ሲሉ እሰማለሁ። ኅዳር 14 ማታ በሬን አንኳኩ። «ለጥምቀት እንግዳ ይበዛል፤ ሁለት ሺህ ጨምር፣ ካልሆነ ክፍሉን ልቀቅልኝ» አሉኝ። ልጄ ገና ትምህርት መጀመሯ ነው። በማግስቱ ጾም ያዙ። እሳቸው በጓዳ ተፈትተዋል። እኔ በረንዳ ላይ እንደታሰርኩ ነኝ።

የማራኪዋ፦ ይቅርታ ግን ኪራይ መጨመር ኃጢአት ነው ያለህ ማን ነው? ሁሉም ነገር ጨምሯል። እሳቸውም የሚበሉት ከኪራዩ ይሆናል።

ተከራይ ነኝ፦ እሺ፣ ኃጢአት አይደለም እንበል። ለምን በጾም ዋዜማ ማታ? ጠዋት ከሚከብድ ብለው ነው?

ከአዘዞ፦ 😂😂 ቅበላ ነዋ! ሰው ሥጋ ይቀበላል፣ እሳቸው ተከራይ ተቀበሉ።

ባለ ኢሳይያስ፦ ቀልዱን ተዉትና፣ ጾሙ የነቢያት ነው አይደል የምንለው? ኢሳይያስ ምዕራፍ 58ን ያነበበ አለ? ሕዝቡ «ጾምን፣ ለምን አላየኸንም» አለ። መልሱ «በጾማችሁ ቀን የገዛ ፈቃዳችሁን ታደርጋላችሁ፣ ሠራተኛ ታስጨንቃላችሁ» ነው። ስለ ሽሮና ስለ ቅቤ አንድ ቃል የለበትም። ሰባኪው ይህን ቢያነብ ጧፍ ባላስፈለገው ነበር።

ዲያቆን ዘቁስቋም፦ ስለ ምግብ ሌላ ቦታ አለ። ከአንድ ምዕራፍ ቆንጥሮ ጾምን ማቅለል የማን ልማድ እንደሆነ እናውቃለን።

ባለ ኢሳይያስ፦ ጴንጤ ልትለኝ ነው? በለኝ፣ አትፈር። ክርስትና የተነሳሁት ቀሃ ኢየሱስ ነው።

ስደተኛው፦ እኔ ጣሊያን ነኝ፤ አረጋዊ ነው የምንከባከበው። የቤቱ ሰዎች ካቶሊኮች ናቸው። እነሱም ከገናቸው በፊት አድቬንት የሚሉት አራት እሑድ አላቸው። ቄሱ ሐምራዊ ይለብሳል። ሁለተኛው እሑድ ላይ የዮሐንስ መጥምቅ ስብከት፣ ያ በበረሃ «ንስሐ ግቡ» የሚለው ይነበባል። ግን በቤቱ ሲጾም አላየሁም። እኛ ጋ ጾሙ አለ፣ ንስሐው ያጨቃጭቃል። እነሱ ጋ ንስሐው ይነበባል፣ ሥጋው ይጠበሳል።

የአንባው፦ በጎንደር ልጆች መሀል ካቶሊክ ምሳሌ ሆኖ ቀረበ? ካቶሊክ የሆነውን ንጉሥ ሱስንዮስን ረሳችሁት? «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» የተባለው ለጨዋታ ነበር?

ስደተኛው፦ ጋሼ፣ እኔ ያወራሁት ስለ ቀሚስ ቀለም ነው። የሱስንዮስን ካቶሊክ ጳጳስ አልፎንሱ ሜንዴዝን በሻንጣ ይዤ አልመጣሁም።

ዲያቆን ዘቁስቋም፦ ደግሞስ አራት እሑድ ምን ብርቅ ነው? እኛ ከታኅሣሥ 7 ወዲህ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ የሚባሉ ሳምንታት አሉን። በብርሃን «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ» ይባላል፤ ብርሃንህንና እውነትህን ላክ ማለት ነው። ጨለማ ውስጥ መሆኑን ያላመነ ሰው ብርሃን ላክልኝ ብሎ አይለምንም። ይህ ንስሐ ካልሆነ ምንድን ነው?

የአራዳ ልጅ፦ አሁን ጥሩ ተናገርክ። ሰባኪውም እንዲህ ቢል ማን ይከፋው ነበር።

ከአዘዞ፦ ለመሆኑ ጾሙ 43 ነው 44? በየዓመቱ ይምታታብኛል።

ዲያቆን ዘቁስቋም፦ 40 የነቢያት፣ 3 የግብፁ ፓትርያርክ የአብርሃም ሶርያዊ፣ በጸሎት የሙቀጠም ተራራ የፈለሰበት፣ 1 የገና ዋዜማ ገሃድ። ገሃዱን ያልቆጠረ 43 ይላል። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ስለሚውል ኅዳር 14 ይገባል። ቁጥሩ ያው ነው።

የአንባው፦ 44 ታቦት ያለው አገር 44 ቀን ቢጾም ምን ይገርማል!

የማራኪዋ፦ ተራራውን ካነሳችሁት አይቀር ስምዖን ጫማ ሰፊውንም አንሱት። ፓትርያርኩ ሦስት ቀን ያለቀሱበትን ተራራ ያነሣው ማንም የማያውቀው ሰው ነው። አንዲትን ሴት በክፉ አየሁ ብሎ ዓይኑን አውጥቷል። ለማን ተናገረ? ሰፈሩ እንኳ አያውቅም። አሁንም እላለሁ፦ ንስሐ የጓዳ ነው።

ተከራይ ነኝ፦ ስምዖን ያወጣው የራሱን ዓይን ነው። የእኔዋ እያወጡ ያሉት የእኔን ነው።

ከአዘዞ፦ ወይ ጉድ 😂 የማራኪዋ፣ ይህን መልሺ።

የማራኪዋ፦ የሰው አከራይ ጠበቃ አይደለሁም። አንተም ጎረቤትህን በማኅበራዊ ሚዲያ እያማህ ስለ ንስሐ አታስተምረኝ።

ተከራይ ነኝ፦ ስማቸውን ጠራሁ? ጓዳቸው ተከብሯል።

እማማ (የልጅ ልጃቸው ነኝ የምጽፍላቸው)፦ ልጆቼ፣ አትጣሉ። በእኛ ጊዜ የንስሐ አባታችን ጾም ሊገባ ሲል በየቤቱ ይዞሩ ነበር። መጀመሪያ የሚጠይቁት «ምን በላሽ» አልነበረም። «ከማን ተጣላሽ» ነበር። በድንበር የተኳረፉ ካሉ አንድ ገበታ ላይ ያስቀምጧቸዋል። ሳይታረቁ «ይፍታህ» አይሉም። እንዲያውም አንዱ የሰው በግ ሸጦ፣ በጉን ሳትከፍል አልፈታህም ብለውት እስከ ጥምቀት አኩርፏል። አሁን አባቶችም የንስሐ ልጅ በዛባቸው መሰለኝ፣ በስልክ ነው የሚፈቱን።

ከአዘዞ፦ እማማ፣ መሀል ላይ ኔትወርክ ሲሄድስ? ግማሹ ሳይፈታ ይቀራል?

እማማ፦ ሂድ ወዲያ፣ አንተ ባለጌ።

የአራዳ ልጅ፦ እውነቱን ላውራ? እኔ ንስሐ የማልገባው ለዚህ ነው። ስግደት ቢሰጡኝ እሰግዳለሁ፤ ጉልበት አለኝ። የምፈራው «የበላኸውን ዕቁብ መልስ» ይሉኛል ብዬ ነው።

ባለ ኢሳይያስ፦ ዘኬዎስ አራት እጥፍ ነው የመለሰው። አንተ አንድ እጥፉን እንኳ መልስ።

የአራዳ ልጅ፦ ዘኬዎስ ቀራጭ ነበር ወንድሜ፣ ብር ነበረው። እኔ ባለ ባጃጅ ነኝ።

ዲያቆን ዘቁስቋም፦ ለባጃጁም ቀኖና አለው። አባት እንደ አቅም ነው የሚሰጥ። ባንዴ መክፈል ባትችል በየወሩ ትሰጣለህ። ሳትሄድ ምን ይሉኛል እያልክ ዓመት አለፈህ።

ከአዘዞ፦ እሺ ዲያቆን፣ እግረ መንገድ፦ በገና ጾም ዓሣ ይበላል? የጎርጎራ ዓሣ እዚህ በር ላይ ነው የሚያልፍ።

ዲያቆን ዘቁስቋም፦ አይበላም።

የአንባው፦ ይበላል ያሉ አባቶች አሉ እኮ።

ዲያቆን ዘቁስቋም፦ ስማቸውን ጥራ!

የቀሃው፦ ኧረ እባካችሁ! ዓሣ ውስጥ ገባችሁ። ዋናውን ጥያቄዬን ማንም አልመለሰልኝም። ለገና ጧፉን ልያዝ ወይስ አልያዝ?

የፒያሳው፦ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። የቀሃው፣ አጻጻፍህን አወቅሁት። «ጋቢዬን ሰብስቤ ወጣሁ» ያልከው ጋቢ የእኔ ነው። ለአምናው ጥምቀት ተውሰኸኝ፣ እናቴ የፈተለችው። ጧፉን ያዝ። ጋቢዬን ግን አምጣ።

የቀሃው፦ የውስጥ መስመር ግባልኝ። ይህ የጓዳ ነገር ነው።

ተከራይ ነኝ፦ 😂😂😂